«ደህና ነኝ» ስንል፦ ለፒፕ የስልክ ምዘና መዘጋጀት

ለንደን ውስጥ፣ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ መቀመጥ የማይመቻችሁ ተነስታችሁ ቆማችሁ ስሙኝ፣ ምንም አይደለም።

ከእማዬ ልጀምር። እማዬ ጉልበቷን ካመማት ዓመታት ሆኗታል። ስኳርም አለባት። እግሯ ይደነዝዛል፣ ጣቶቿም እንደ ድሮው አይታዘዙላትም። ለፒፕ፣ ማለትም እዚህ አገር መንግሥት ለታመመ ወይም አካሉ ለተጎዳ ሰው ለሚሰጠው ክፍያ፣ ስታመለክት በስልክ እንደምትጠየቅ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። እኛ ልጆቿ ምንም አላዘጋጀናትም። ስልክ አይደል፣ ምን አለው ብለን ነው።

በቀኑ ተደወለ። ጠያቂዋ በትህትና «ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለቻት። እማዬም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰች። አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው። ከዚያ በኋላ ሁሉም መልስ እንደዚያው ሆነ። ምግብ ይሠራሉ? አዎ። ልብስዎን ይለብሳሉ? አዎ። ቤተክርስቲያን ይሄዳሉ? እንዴ፣ እንዴት እቀራለሁ! ከሳምንታት በኋላ ውሳኔው መጣ። ዜሮ ነጥብ ይላል።

ያን ዕለት ጠዋት ካልጋ ደግፌ ያስነሳኋት እኔ ነበርኩ። ካልሲዋን ያጠለቅኩላት እኔ ነበርኩ። ቁርሷን የሠራሁት፣ መድኃኒቷን ቆጥሬ የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። እማዬ ግን አልዋሸችም። ሰላምታ መለሰች እንጂ።

እኛ ዘንድ «እንዴት አደራችሁ» ሲባል «ወገቤ ሲያሰቃየኝ አደረ» አይባልም። ምስጋናው ይቀድማል። በስልክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስደተኛ ነን። ዕድሜያችንን ሙሉ ስልክን የተጠቀምንበት ሰው ላለማስጨነቅ ነው። ከጎንደርም ከአዲስ አበባም ሲደወል «እኛ ደህና ነን፣ አታስቡ» ነው የሚባለው። ሆስፒታል የተኛ ሰው እንኳ ስልክ ሲያነሳ ድምፁን ያስተካክላል። እኛም ከዚህ ስንደውል እንደዚያው ነን። ስልክ ሕመማችንን የምንደብቅበት ነገር ሆኖ ኖሯል። አሁን በዚያው ስልክ ሕመማችንን ዘርዝረን ተናገሩ ተባልን። ይህ ለኛ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

ስለ ፒፕ ራሱ ባጭሩ ልናገር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የተጀመረ ክፍያ ነው። ዕድሜው ከ16 ዓመት ጀምሮ የጡረታ ዕድሜ እስኪደርስ ላለ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ለሚቸገር ሰው ነው። የጡረታ ዕድሜ ያለፈው ሰው አዲስ የሚያመለክተው ለአቴንዳንስ አላዋንስ፣ ለአረጋውያን ለሚሰጠው ሌላ ክፍያ ነው። ስኮትላንድ የሚኖር ደግሞ የራሷ የስኮትላንድ ክፍያ አለው፣ አሠራሩም ይለያል። ፒፕ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የዕለት ኑሮ ነው፣ ሌላው መንቀሳቀስ። በአንዱ ክፍል 8 ነጥብ ያገኘ መደበኛውን፣ 12 ያገኘ ከፍተኛውን ይወስዳል። በ2025/26 ተመን የዕለት ኑሮው በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ ነበር። የመንቀሳቀሱ 29.20 ወይም 77.05 ፓውንድ። ሥራ የሚሠራ ሰውም ይወስደዋል፣ ገቢና ቁጠባ አይጠየቅበትም። ሥራ ስለያዝኩ አይገባኝም ብለው የተዉ ብዙ ሰዎች አሉ። ይገባችኋል።

አንድ ጥንቃቄ። ቪዛችሁ ላይ የመንግሥት ድጎማ አትውሰዱ የሚል ገደብ ካለ ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን አማካሪ ጠይቁ። ጥገኝነት ያገኛችሁ ግን አትፍሩ። ሌላው ሰው አገር ውስጥ ሁለት ዓመት መኖሩን እንዲያሳይ ይጠየቃል፣ እናንተ ያንን አትጠየቁም።

ወደ ስልኩ እንመለስ። ድሮ ሰው በአካል ሄዶ ነበር የሚታየው። በማርች 2020 ኮሮና ሲመጣ ያ ቆመና ወደ ስልክ ዞረ። ኮሮናው አለፈ፣ ስልኩ ግን ቀረ። ዛሬም አብዛኛው ሰው የሚጠየቀው በስልክ ነው። የሚደውለው ሰው የጤና ባለሙያ ነው። ነርስ ሊሆን ይችላል፣ ፊዚዮቴራፒስት ሊሆን ይችላል። የሚሠራው መንግሥት ለቀጠረው የግል ድርጅት ነው። ሊያክማችሁ አይደለም የደወለው። ውሳኔ የሚሰጠውም እሱ አይደለም። እሱ ሪፖርት ይጽፋል፣ ክፍያውን የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ዲደብሊውፒ፣ ሪፖርቱን፣ ፎርማችሁንና የሐኪም ወረቀታችሁን አይቶ ይወስናል።

በአካል ብትሄዱ ኖሮ ከወንበር ስትነሱ ያያችሁ ነበር። ግድግዳ ይዛችሁ ስትራመዱ ያያችሁ ነበር። በስልክ ይህ ሁሉ የለም። ካልተናገራችሁት አልተፈጠረም። የሚሰማው ነገር ደግሞ ይጻፋል። ሳትቸገሩ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ እያወራችሁ ካመማችሁ፣ ልነሳ ካላችሁ፣ ልጋደም ካላችሁ በቃል ተናገሩት። «አሁን ወገቤ ስላላስቀመጠኝ ቆሜ ነው የማወራዎት» በሉ። ዕረፍት ከፈለጋችሁ «አምስት ደቂቃ ስጡኝ» በሉ። ይፈቀዳል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ጥያቄው «ትችላላችሁ ወይ?» ይመስላል። ሕጉ የሚለው ግን ከዚያ ይሰፋል። አንድን ነገር ይችላል የሚባለው ሰው አደጋ ሳይደርስበት፣ በደንብ፣ ደጋግሞ፣ በተገቢው ጊዜ ውስጥ ሲያደርገው ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ «አዎ እችላለሁ» ትክክለኛ መልስ አይደለም። በተገቢው ጊዜ ማለት ደግሞ ልክ አለው። ጤነኛ ሰው ቢበዛ ከሚፈጅበት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ከፈጀባችሁ፣ እንደማትችሉ ነው የሚቆጠረው። እማዬ ልብሷን ትለብሳለች፣ እውነት ነው። ግን አርባ ደቂቃ ይፈጅባታል፣ ሁለቴ ታርፋለች፣ ቁልፉን እኔ ነኝ የምቆልፍላት። አንድ ጊዜ ደረጃ የወጣ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የዋለ ሰው ደረጃ ደጋግሞ ይወጣል አይባልም።

«አንዳንዴ» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቁ። እኛ ጋ አንዳንዴ ማለት በሳምንት አምስት ቀንም ሊሆን ይችላል። ማካበድ አንወድማ። ሕጉ ግን የሚያየው ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት ምን እንደሚደርስባችሁ ነው። ስለዚህ አንዳንዴን በቁጥር ለውጡት። «በሳምንት አራት ቀን ካልጋ ለመነሳት ሰው ያስፈልገኛል» በሉ። ከአሁኑ ትንሽ ደብተር ግዙ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ሁለት መስመር ጻፉበት። ዛሬ ስንቴ ወደቅሁ፣ ስንቴ ተነሳሁ፣ ማን ረዳኝ። ሐኪም እንዲያየው አይደለም። በዚያች ሰዓት ስትደናገጡ ዐይናችሁ የሚያርፍበት ነገር እንዲኖራችሁ ነው።

ርቀትም እንደዚሁ። «ቅርብ ነው፣ እዚህ ሱቅ ድረስ እሄዳለሁ» አይጠቅምም። የሚቆጠረው ሜትር ነው። 20 ሜትር፣ 50 ሜትር፣ 200 ሜትር ትልልቅ ልዩነት ያመጣሉ። እዚህ ያለው ባለ ፎቅ ቀይ አውቶቡስ ርዝመቱ 11 ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት አውቶቡስ ተከታትለው ቢቆሙ ከ20 ሜትር ትንሽ ያልፋሉ። ነገ ከቤት ስትወጡ ልጃችሁን ይዛችሁ ሞክሩት። ሁለት አውቶቡስ ያህል ሳትቆሙ ሄዳችሁ? ከቆማችሁ ምን አቆማችሁ? ሕመሙ ነው፣ ትንፋሹ ነው፣ ማዞሩ ነው? ከዚያ በኋላስ ወዲያው ደግማችሁ መሄድ ትችላላችሁ?

የምግቡ ጥያቄ ለኛ ሴቶች ልዩ ወጥመድ ነው። የሚጠይቁት ለአንድ ሰው የሚሆን፣ ከጥሬው ተነስቶ ምድጃ ላይ የሚበስል፣ ቀላል ምግብ ነው። ዶሮ ወጥ አይደለም፣ ለበዓል ድግስ አይደለም። እናቶቻችን ግን «ድሮ ሃያ ሰው አበላ ነበር፣ አሁን ሽሮ ብቻ ነው የምሠራው» ይላሉ። ለነሱ ትልቅ ሐዘን ነው። ጠያቂዋ የምትሰማው ግን «ትሠራለች» የሚለውን ነው። ስለዚህ ሽሮዋ እንዴት እንደምትሠራ ተናገሩ። ሽንኩርቱን ማን ከተፈ? ድስቱን ማን አወረደ? ቆማችሁ ነው ተቀምጣችሁ? እጃችሁ ደንዝዞ ተቃጥላችሁ ታውቃላችሁ? ምድጃ ሳትዘጉ ረስታችሁ ታውቃላችሁ? አባቶች ደግሞ «ባለቤቴ ናት የምትሠራው» ብለው ያልፋሉ። ጥያቄው በቤታችሁ ማን ይሠራል አይደለም። ብቻችሁን ብትሆኑ እጃችሁና ጭንቅላታችሁ ይፈቅድላችኋል ወይ ነው።

ቤተክርስቲያኑም እንዲሁ ነው። እማዬ «እንዴት እቀራለሁ» ስትል ጠያቂዋ ሦስት ሰዓት ቆማ ስታስቀድስ ነው የታያት። እማዬ በመኪና ተወስዳ፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ በኔ ክንድ ተደግፋ ነው የምትሄደው። ወንጌል ሲነበብ መቋሚያ ተመርኩዛ ለመነሳት ትሞክራለች፣ አንዳንድ ቀን አትችልም። መስጊድ የሚሄዱ አባት ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ ከሆነ እሱንም ይናገሩ። እምነታችሁን አልደበቃችሁም፣ አላሳነሳችሁም። እንዴት እንደምትደርሱ ነው የተናገራችሁት።

አስተርጓሚ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። እንግሊዝኛ ለማይቀናው ሰው አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል። ግን ቀድማችሁ፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ሴት አስተርጓሚ ትሁንልኝ ማለትም ትችላላችሁ። ቋንቋውንም ምረጡ። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ሰው፣ አማርኛ እችላለሁ ብሎ በአማርኛ ሕመሙን ለመናገር አይታገል። ሕመም አፍ በፈታንበት ቋንቋ ነው የሚወጣው።

ልጅን ማስተርጎም የለመድን ብዙ ነን። ለሰፈር ሐኪሙ ለጂፒ፣ ለባንክ፣ ለስኩል። ለዚህ ግን አይሆንም። የሚጠየቁት ነገሮች ውስጥ ሽንት ቤት አለ፣ ገላ መታጠብ አለ። አንዲት እናት በልጇ አፍ «ሽንት ያመልጠኛል» ልትል አትችልም። ገመናዋን ትሸፍናለች፣ ትክክልም ናት። ከዚያ ያ ጥያቄ ያለ ነጥብ ያልፋል። ልጃችሁ አጠገባችሁ ይቀመጥ፣ የረሳችሁትን ያስታውሳችሁ። ደጋፊ ሰው አብሮ መሆንና መናገርም ይፈቀዳል። ማስተርጎሙን ግን ለባለሙያው ተዉለት። አስተርጓሚው የኛው ሰፈር ሰው ቢሆንስ ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ፣ አስተርጓሚው ግን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ከዚያ ደግሞ አማርኛችን ራሱ አለ። «ሆድ ባሰኝ» ስንል ሆዳችንን አላመመንም፣ ከፍቶናል። «ምች መታኝ» የሚለውን እንግሊዝኛ ላይ የት ያገኘዋል? «ነርቭ አለብኝ»፣ «ጨጓራ አለብኝ»፣ «ብርድ ገብቶኝ ነው» ስንል እርስ በርሳችን እንግባባለን። ጎበዝ አስተርጓሚ እንኳ በስልክ፣ በጥድፊያ መሃል ይሳሳታል። ስለዚህ የሕመሙን ስም ተዉትና ያደረጋችሁን ተናገሩ። ሆድ ባሰኝ ከማለት «ሲከፋኝ ሁለት ቀን ካልጋ አልወርድም፣ ስልክ አላነሳም፣ ካልጎተጎቱኝ አልታጠብም» በሉ። ያመኛል ከማለት ይቆረጥመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይደነዝዘኛል ብላችሁ ለዩት። የት፣ መቼ፣ ለስንት ሰዓት፣ ምን ከማድረግ አገዳችሁ።

አንድ የተሳሳተ ነገርም ላርም። ፎርሙ ላይ ስለ ማንበብና ስለ መናገር ይጠየቃል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ «እንግሊዝኛ አልችልም» ብሎ ይጽፋል። ያ ነጥብ አያሰጥም። ሕጉ የሚለው በራሳችሁ ቋንቋ ነው። አማርኛ ማንበብ የምትችሉ ከነበራችሁና አሁን ዐይናችሁ ወይም ጭንቅላታችሁ ከከለከላችሁ፣ እሱን ጻፉ።

ወጣቶቹን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በሱዳንና በሊቢያ አልፋችሁ፣ ባሕር ተሻግራችሁ የመጣችሁ አላችሁ። እግርና እጃችሁ ደህና ነው። ግን ባቡር ውስጥ ሰው ሲበዛ ትንፋሽ ያጥራችኋል። ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር ያስፈራችኋል። ሌሊት አትተኙም። ይህም ይቆጠራል። ከሰው ጋር መገናኘት የሚል አለ፣ መንገድን አቅዶ ብቻ መሄድ የሚል አለ። የመንገዱን ታሪክ ከመጀመሪያው እንድትተርኩ ግዴታ የለባችሁም። ዛሬ ምን እንደሚያደርጋችሁ ብቻ ተናገሩ። ለምሳሌ «ብቻዬን አዲስ ቦታ መሄድ አልችልም፣ ጓደኛዬ ካልመጣ ቀጠሮዬ ይቀራል»። ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ ብለውም በቀጥታ ይጠይቃሉ። ድንገት ስለሚመጣ ያስደነግጣል። እውነቱን መልሱ። ሐሳቡ አሁን ካለባችሁ ግን ስልኩን አትጠብቁ፣ ዛሬ ለጂፒያችሁ ወይም ለምታምኑት ሰው ንገሩ።

የዕለቱ ነገር። ቁጥሩ ተደብቆ ነው የሚደወለው፣ ፕራይቬት ነምበር ይላል። እኛ ደግሞ የማናውቀውን ቁጥር አናነሳም። ያን ቀን አንሱ። ስልካችሁ ላይ የማይታወቅ ቁጥር የሚዘጋ ነገር ካለ ልጆች ያጥፉላችሁ። ያለ በቂ ምክንያት ካላነሳችሁ ማመልከቻው ሊዘጋ ይችላል። ሰዓቱን ደግሞ አጣሩ። ደብዳቤው ላይ 2 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ካለ በኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ነው። በሰዓት መደናገር ምክንያት ቀጠሮው ያለፈባቸው እናት አውቃለሁ። ስልኩን ቻርጅ አድርጉ። የፎርሙን ኮፒ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩን፣ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ፎርም ሳትልኩ በፊት ኮፒ ማስቀረትን ለምዱ። ንግግሩ እንዲቀዳ የምትፈልጉ ቀድማችሁ ጠይቁ። የስልክ ነገር የማይሆንላችሁ፣ ጆሮ የሚቸግራችሁ ደግሞ በአካል ይሁንልኝ ብላችሁ ምክንያታችሁን አስረዱ። የሚደውለው ሰው የባንክ ፒን አይጠይቅም። ከጠየቀ አጭበርባሪ ነው፣ ዝጉት።

አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መጨረሻ ላይ የሚጨመር ነገር አለ ወይ ይላሉ። የለም አትበሉ። ደብተሯን እዩ።

ከዚያ በኋላ ለዲደብሊውፒ ደውላችሁ የሪፖርቱን ኮፒ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ውሳኔው ካላጠገባችሁ ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና ይታይልኝ በሉ። ያም ካልሆነ ሌላ አንድ ወር አላችሁ፣ ለገለልተኛ ዳኞች ይግባኝ ለማለት። ዳኞቹ ፊት ከሚደርሱት ከግማሽ በላይ ይረታሉ። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤ አይቶ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

እኛም መሳቢያ ውስጥ ከትተነው ነበር። የነቃነው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። እንደገና አመለከትን። ሁለተኛው ስልክ ሲመጣ እማዬ ከፊቷ ደብተር ነበራት፣ የራሷ ጽሑፍ። «እንዴት ነዎት?» ተባለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ እሱን አልከለከልኳትም። ከዚያ ቀጥላ «ደህና ግን አይደለሁም፣ ዛሬ ከአልጋ ያነሳችኝ ልጄ ናት» አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። በስልክ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር።

አሁን ደብዳቤ የያዛችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። ፖስታውንም አትጣሉት። መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው።